ከየት ቀበሌ ነው? ለጅማና ለቡና ከተሞቿ የጉዞ መመሪያ

ቦርዶ ከተማ የወይን ጠጅ መሸጫ የገባ መንገደኛ ጠርሙሱን ገልበጥ አድርጎ የእርሻውን ስምና የለቀማውን ዓመት ያነባል። ጅማ ላይ ቡና መሸጫ ገብተው ቢጠይቁ በአብዛኛው የሚያገኙት መልስ «የጅማ ቡና ነው» የሚል ነው። ከሊሙ ኮረብታ የወረደውም፣ ጎማ ውስጥ በዛፍ ጥላ ሥር የተለቀመውም፣ ከጌራ ጫካ የመጣውም አንድ ኩንታል ውስጥ ገብቶ አንድ ስም ይይዛል። ይህን ጉዞ ሲያቅዱ ያን አንድ ስም እየፈቱ እንዲሄዱ እፈልጋለሁ፤ በደረሱበት ሁሉ «ከየት ቀበሌ ነው?» እያሉ፣ እያሸተቱ፣ እየቀመሱ። ሙሉ ሳምንት ቢኖርዎት መልካም ነው። አምስት ቀን ብቻ ካለዎት ቦንጋን ለሌላ ጊዜ ያቆዩትና የቀረውን ሳይጣደፉ ይዩ።

ወሩንና ቀኑን ይምረጡ

በጅማ ዙሪያ ቀይ እሸት ቡና በብዛት የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። እኔ ኅዳርን እመርጣለሁ። ዝናቡ አባርቷል፣ የገጠሩ መንገድ ጠጥሯል፣ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎቹ በሥራ ተጠምደዋል፣ የማድረቂያ አልጋዎቹም ሞልተዋል። በክረምት መሄድ ግን አይመከርም። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት አገር ስለሆነች ከአስፋልቱ ሲወጡ ጭቃው መኪና ይይዛል፣ ቡናውም ገና አረንጓዴ ነው።

ሌላ የሚያጓጓ ወቅት አለ። በየካቲትና በመጋቢት የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ እንዳለ ቡናው በአንድ ጊዜ ነጭ አበባ ይለብሳል፣ አገሩም በመዓዛው ይታወዳል። አበባው ግን ከጥቂት ቀናት በላይ አይቆይም። እዚያ የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ደውሎ «አብቧል፣ ድረስ» ካላለዎት በቀር በዕቅድ የሚያዝ ነገር አይደለም።

ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት የረመዳን ወር መቼ እንደሚውል ይመልከቱ። የጅማ ዞን ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው። በጾሙ ወር ጠራራ ፀሐይ ላይ ቡና ፍለጋ መዞር ለእንግዳውም አይመችም፣ ለሚያስተናግደውም ደግ አይደለም። ከሳምንቱ ቀናት ደግሞ ሐሙስ ከእጅዎ እንዳይወጣ፤ የጅማ ታላቁ የገበያ ቀን ነው። ስለዚህ ረቡዕ ይነሡ።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአውሮፕላን አባ ሰጉድ ማረፊያ በአንድ ሰዓት አካባቢ ይደርሳሉ። ጊዜ ካለዎት ግን በምድር ይሂዱ፤ ጉዞው የቡናውን አገር ከፍታና ዝቅታ ያሳይዎታል። ከማለዳው 12 ሰዓት ተነሥተው በሰበታ፣ በወሊሶና በወልቂጤ ካለፉ በኋላ መንገዱ ወደ ጊቤ በረሃ ቁልቁል ይወርዳል። ሙቀቱ በድንገት ይለወጣል። ወንዙን ተሻግረው ሽቅብ ከወጡ በኋላ በየም አገር ሳጃን፣ ከዚያም ሰኮሩን ያልፋሉ። ከመንገዱ ዳር ወለል ብሎ የሚታየው ውኃ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ሐይቅ ነው። አሰንዳቦንና ሰርቦን ካለፉ ጅማ ደረሱ ማለት ነው።

የጊቤን ቁልቁለት በጨለማ አይጓዙ። ከመነሣትዎ በፊትም በዚያ መስመር የሚመላለሱ ሾፌሮችን ስለ መንገዱ ሁኔታ ይጠይቁ፤ የእነሱ ወሬ የሳምንቱ ሳይሆን የትናንቱ ነው።

ሐሙስ፦ ገበያውና የመጀመሪያው ሲኒ

ሂርማታ ከከተማው ይቀድማል። ዛሬ የምናየው የከተማው መሐል፣ ቀጥ ያሉት ጎዳናዎችና አሮጌዎቹ ሕንፃዎች፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቀየሱ ናቸው። ከዚያ በፊት ግን ሂርማታ የደቡብ ምዕራብ ነጋዴ ሁሉ የሚገናኝበት የሐሙስ ገበያ ነበረ። ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ ገብተው እስከ እኩለ ቀን ይዙሩ። ቅመማ ቅመሙን፣ ማሩን፣ የሰፌዱንና የመሶቡን ሥራ ይዩ። ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣውን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ መግዛት ከፈለጉ ከጠራቢው ቢገዙ ይሻላል። እንጨቱ ምን እንደሆነ ይነግርዎታል፣ ገንዘቡም ለእጁ ይደርሳል።

ቡና ተራ ሲደርሱ አይቸኩሉ። ጀንፈሉን፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ በእጅዎ ዘግነው ያሽትቱ። ጥሩ ጀንፈል የደረቀ ፍራፍሬ ሽታ አለው። አፈር አፈር ወይም ሻጋታ ሻጋታ ካለ መሬት ላይ ተሰጥቶ የደረቀ ወይም እርጥበት ያገኘው ነው። የተፈለፈለውን ሲያዩ ደግሞ ጥቋቁሩን፣ ነቀዝ የበላውንና ስብርባሪውን በዓይንዎ ይቁጠሩ። ሻጮቹ ጥያቄ አይጠሉም። «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላምታ ከሰጡ፣ ሲለዩም «ገለቶማ» ካሉ የቀረውን በአማርኛም ይግባባሉ።

ከሰዓት በኋላ ጀበና ቡና ከሚያፈሉት እናቶች ዘንድ ይቀመጡ። ስኳሩን ለሁለተኛው ሲኒ ያቆዩት። የመጀመሪያውን ባዶውን፣ ለብ እስኪል ጠብቀው ይጠጡት፤ የቡና ጣዕም የሚገለጠው ትኩሳቱ ሲበርድ ነውና። ጨው ወይም ጤና አዳም ከቀረበልዎ እንቢ አይበሉ፣ የአገሩ ልማድ ነው። አፍይዋን ቡናው ከየት እንደመጣ ይጠይቋት። ከገበያ ከሆነ «ከገበያ» ትልዎታለች፣ ከእናቷ ጓሮ ከሆነ ግን ፊቷ ይፈካል፣ የቀበሌውንም ስም አትደብቅም። ስሙን ይጻፉት።

ማታ ማረፊያዎ ውስጥ ራስዎ ሊቀምሱ ይችላሉ። ትንሽ ሚዛንና የእጅ መፍጫ ይዘው ይምጡ። የሙያው ቀማሾች 8.25 ግራም ቡና በ150 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውኃ ይበጠብጣሉ። አራት ደቂቃ ያህል ቆይተው ላይ የተንሳፈፈውን አተላ በማንኪያ ሰብረው ያሸትታሉ፣ ከዚያ አረፋውን ገፈው እየማጉ ይቀምሳሉ። ከመቶ 80 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ልዩ ጣዕም ያለው ቡና ይባላል። እርስዎ ነጥብ መስጠት አያስፈልግዎትም። ሦስት ብርጭቆ ደርድረው የሦስት ቀበሌ ቡና ጎን ለጎን ይቅመሱ፤ ልዩነቱን ምላስዎ ይነግርዎታል።

ዓርብ ጠዋት፦ ጅሬን

የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው ወደ ሰባት ኪሎ ሜትር ርቆ ጅሬን ኮረብታ ላይ ነው። አጠገቡ መስጊድ ስላለ በጠዋት ደርሰው ከጁምዓ ሶላት በፊት ቢጨርሱ ይሻላል። አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነገሡ። ለዐፄ ምኒልክ በሰላም ገብረው ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን ስለጠበቁ ጅማ ጦርነት ካጠፋቸው ጎረቤቶቿ ይልቅ ሀብቷ በዛ። በዚያ የእንጨት ሰገነት ላይ ቆመው ሸለቆውን ሲያዩ ሀብቱ ከምን እንደመጣ አስጎብኚውን ይጠይቁ። ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱና ዝባዱ ብቻ አይደለም፤ በሂርማታ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር። የቤተ መንግሥቱ ጥርብ እንጨት ውበት ይህን ያስረሳል፣ መረሳት ግን የለበትም። የንጉሡን ዕቃዎች ለማየት ከተማ ውስጥ ያለውን የጅማ ሙዚየም ይጨምሩ።

ጅሬን ላይ ሆነው አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጊቤ ወዲያ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ፦ ሊሙ ኢናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ። ዛሬ በቡና ከረጢት ላይ ሊሙ፣ ጎማ፣ ጌራ የሚሉትን ስሞች ሲያነቡ የነዚያን መንግሥታት ድንበር እያነበቡ ነው። የቡናውን ስም በአንድ መጠቅለል የማይገባውም ለዚህ ነው።

ቅዳሜና እሑድ፦ አጋሮ

ከጉዞው ሁሉ አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ብባል አጋሮን እመርጣለሁ። ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በማና ወረዳ በየቡ ያልፋሉ። የቡናው ተክል ከመንገዱ ዳር ጀምሮ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይታያል። መኪናዎን አቁመው ከጥላው ሥር ይግቡና ቀና ብለው ዛፎቹን ይዩ። እነሱ ባይኖሩ ፍሬው በፀሐይ ቶሎ በስሎ ጣዕሙ ይሳሳ ነበር።

የማጠቢያ ጣቢያ ለመጎብኘት አስቀድመው የገበሬዎቹን ማኅበር ሊቀ መንበር ወይም የጣቢያውን ሥራ አስኪያጅ ያስፈቅዱ። «ጎብኚ ነኝ፣ ገዢ አይደለሁም» ብለው ከጅምሩ ይናገሩ፤ ገዢ መስለው የቀረቡ እንደሆነ በሥራ ወቅት የሰው ጊዜ ያባክናሉ። ሽቶ አይቀቡ፣ አልጋዎቹ አጠገብ አያጭሱ። እርጥብ ቡና የአካባቢውን ሽታ ይስባል፣ የገበሬው የዓመት ልፋትም እዚያ አልጋ ላይ ነው ያለው።

የሚደርሱበት ሰዓት ወሳኝ ነው። ገበሬው ጠዋት ለቅሞ እሸቱን የሚያመጣው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጣቢያው ነፍስ የሚዘራው ከቀኑ ዘጠኝና አሥር ሰዓት ጀምሮ ነው። አረንጓዴውና የበሰበሰው ተለይቶ ይወጣል፣ ቀዩ ይመዘናል፣ የፍሬው ሥጋ የተለቀመ ዕለቱን በመፈልፈያው ይገፈፋል። ከዚያ በገንዳ ውስጥ ይብላላና ሙጫው ሲለቅ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል። ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይም ለቀናት እየተገላበጠ ይደርቃል። ስድስት ኪሎ ያህል ቀይ እሸት ለአንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ይሄዳል። ማታ ላይ ይህን ካዩ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ይመለሱ። ሴቶቹ አልጋውን ከበው ጉድለት ያለበትን ፍሬ አንድ በአንድ ሲለቅሙ ያያሉ፤ ሲኒው ውስጥ የሚያገኙት ንጹሕ ጣዕም በእነዚያ ጣቶች የተሠራ ነው።

እዚህ አገር የሆነውን ታሪክ ማወቅ ለጉብኝቱ ክብደት ይሰጠዋል። ለረጅም ዘመን የጅማ አካባቢ ቡና አብዛኛው በጀንፈል ደርቆ በዝቅተኛ ደረጃ የሚሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 በጎማ ወረዳ ዱሮሚና የተባለ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቋመ። ገበሬዎቹ ቴክኖሰርቭ በተባለ ድርጅት ድጋፍ ማጠቢያ ተክለው እሸቱን እየለዩ ማጠብ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዓለም አቀፍ ዳኞች የዱሮሚናን ቡና ከአፍሪካ ምርጥ ብለው መረጡት። አፈሩ ያው ነው፣ ዛፉም ያው ነው። የተለወጠው አለቃቀሙ፣ አጠባቡና ስሙ ነው። አጋሮ ሲደርሱ ዱሮሚናን፣ ናኖ ጫላን ወይም ሌላ ማኅበር በስሙ ጠርተው ይጠይቁ፤ ማኅበሩ ስሙን ያገኘው በብዙ ድካም ነው።

ዝርያም ይጠይቁ። «74110» ወይም «74112» ካሉዎት ኮድ ብቻ አይምሰልዎት። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ገብቶ ገና ያልበሰለውን ፍሬ እያጠቆረ ሲያረግፍ፣ ከጅማ ወጣ ብሎ መልኮ ላይ ያለው የምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎች ፍለጋ ወጡ። ኢሉባቦር ላይ በመቱ አካባቢ ያገኟቸውን መረጡ። 74 የተመረጡበት ዓመት፣ 1974 ነው። ዛሬ ከጅማ አልፎ በሌሎች የአገሪቱ ቡና አብቃይ አካባቢዎችም ተተክለው ያገኟቸዋል። መልኮን ለመጎብኘት ካሰቡ ደብዳቤ ጽፈው ፈቃድ ያግኙ፤ የሥራ ቦታ ስለሆነ በር ላይ ደርሶ መለመን አይገባም።

ጎማ ውስጥ ጮጬም አለች። የአካባቢው ሰው ቡናን አገኘ የሚባለው የእረኛው የካልዲና የፍየሎቹ ታሪክ የተፈጸመው እዚህ ነው ይላል፤ ከፋ ሲሄዱ ደግሞ ማንኪራ ነው ይሉዎታል። ከማንም ጋር አይከራከሩ። የአረቢካ ቡና መገኛ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑ የታወቀ ነው፣ ሁለቱም በዚያ ደን ግዛት ውስጥ ናቸው። የጮጬን ሽማግሌዎች ታሪኩን እንደሚያውቁት እንዲነግሩዎት ቁጭ ብለው ያዳምጡ።

አንድ ቀን ከተረፈዎት ከጅማ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘውን ሊሙ ገነትን ይጨምሩ። በዚያ የሚያዩት ሰፋፊ እርሻዎችን ነው፣ የአጋሮን ዓይነት የገበሬ ጓሮ አይደለም። የሊሙ የታጠበ ቡና በውጭ ገዢዎች ዘንድ ወይን ወይን በሚል ጣዕሙ ይታወቃል።

ወደ ቦንጋ

ከጅማ ቦንጋ ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ሰቃ ጨቆርሳን አልፈው ወደ ሸቤ ሲቃረቡ የበለጤ ደን ይጀምራል። መስኮቱን ይክፈቱ፣ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ከዚያ መንገዱ ወደ ጎጀብ ወንዝ ወርዶ ወደ ከፋ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1897 የከፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማርከው መንግሥቱ እስኪያበቃ ድረስ ይህ አገር ራሱን የቻለ መንግሥት ነበር። ዛሬ ቦንጋ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከተሞች አንዷ ናት። ደኑ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የሰውና የሕይወት ከባቢ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። የብሔራዊ ቡና ሙዚየሙን ካዩ በኋላ የአገሩን ሰው አስከትለው ጫካ ይግቡ። በዱር የበቀለ ቡና ቀጭንና ረዥም ነው፣ ፍሬውም ጥቂት ነው። እርሻ ላይ ያዩት ሁሉ ከዚህ እንደወጣ ሲያስቡ የደኑ መጠበቅ ለምን የሁላችን ጉዳይ እንደሆነ ይገባዎታል።

ማር፣ ብርዝና ጠጅ

ጫካው ቡና ብቻ አይሰጥም። ከገተማ ዛፍ አበባ የሚገኘው ማር ነጭ ነው፣ ሲረጋም እንደ ቅቤ ይጠጥራል። የሚቆረጠው በግንቦትና በሰኔ አካባቢ ስለሆነ በኅዳር የሚያገኙት የተቀመጠ ነው፤ በዚህ ምክንያት አይናቁት። የረጋ ማር ስኳር ተጨምሮበታል የሚሉትን አይስሙ፣ መርጋት የማር ባሕርይ ነው። ከንብ አናቢዎች ማኅበር መሸጫ ቢገዙና ከየትኛው አበባ እንደሆነ ቢጠይቁ ጥሩ ማር ያገኛሉ።

አልኮል የማይጠጡ ከሆነ ብርዝ ይጠይቁ፤ በጅማ ቤቶች ለእንግዳ የሚቀርብ ክቡር መጠጥ ነው። ጠጅ የሚሹም ከሆነ በብርሌ ቀድተው ከሚሰጡ ጠጅ ቤቶች በምሽት ይግቡና ጣዩዋን ማሩ ከየት እንደመጣ ይጠይቋት። ጌሾው ከማሩ ጎልቶ ከመረረ ማሩ ጥቂት ነው። የሚያሽከረክር ሰው ግን ብርዝ ይበቃዋል።

ሲገዙና ሲመለሱ

ለውጭ ገበያ ደረጃ የደረሰ ቡና በአገር ውስጥ እንዳይሸጥ ሕጉ ለረጅም ዘመን ሲከለክል ኖሯል። በጅማ መደብሮች ያለው አብዛኛው ቡና ከምርጡ የተረፈ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሁለት መንገድ አለዎት። ፈቃድ ካለው ቆልቶ አሻጊ የታሸገ ቡና ይግዙ፣ ከረጢቱ ላይ የወረዳው ስምና የተቆላበት ቀን የተጻፈውን ይምረጡ። ወይም ለቤትዎ የሚሆን ጥቂት ጀንፈል ከገበሬ ቤት ይግዙ። የዘንድሮ ነው ወይስ የአምና? አልጋ ላይ ደረቀ ወይስ መሬት ላይ? እነዚህን ሳይጠይቁ ገንዘብ አይክፈሉ። በዋጋውም እስከ መጨረሻው ሳንቲም አይከራከሩ፤ በአዲስ አበባ ካፌ ለሁለት ማኪያቶ የሚያወጡት ገንዘብ ለዚያ ቤተሰብ ብዙ ነው።

ከቤት ፍጆታ በላይ የሆነ ጥሬ ቡና ጭነው አይጓዙ፤ በየመንገዱ የቡና ቁጥጥር ኬላ አለ። ደረሰኝ ካለዎት ከእጅዎ አይለይ። ቤት እንደደረሱ ጥሬውን በጨርቅ ከረጢት አድርገው ደረቅና ነፋሻ ቦታ፣ ከበርበሬና ከሽንኩርት ርቆ ያስቀምጡት። እያንዳንዱን ከረጢት በቀበሌው ስም ይለዩ፣ አይቀላቅሉ። ሲቆሉም በአንድ ሳምንት የሚያልቀውን ያህል ብቻ ይቁሉ። ከየቡ የመጣውን ለብቻ፣ ከጎማ የመጣውን ለብቻ፣ ፍሬው ፈንድቶ ድምፅ ማሰማት እንደጀመረ ከምጣዱ በማውጣት ይጀምሩ። ጥቁር እስኪሆን ከቆሉት የሁሉም ጣዕም አንድ ይሆናል። በሚቀጥለው ጊዜ ትንሽ ጠቆር አድርገው ይሞክሩና የትኛው ለየትኛው ቡና እንደሚስማማ ለቤተሰብዎ አቅርበው ያወያዩ።